የሻውና ደረቁ ላብ

ወረታ ገብቶ "የሻው ዘሩን ፈልጌ ነበር" የሚል ሰው "የትኛውን የሻው?" ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። "ባለ ላቡን" ካለ ግን ባጃጅ ነጂው ሌላ ሳይጠይቅ ወስዶ ኮሌጁ በር ላይ ያወርደዋል። ባለ ላቡ የተባለው እንግዲህ ስለሚያልበው አይደለም። በማላብማ ከሆነ በፎገራ ሜዳ ወገቡን አጥፎ ሩዝ የሚያርም ሁሉ ባለ ላብ ነው። የሻው በከተማው ጫፍ ባለ አንድ ኮሌጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የላብራቶሪ ረዳት ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ተማሪዎች "ላብራቶሪ" ማለት ቢረዝምባቸው "ላብ" ብለው ቆረጡት፤ እሱም ባለ ላቡ ሆኖ ቀረ።

ሥራው በአጭሩ ማጠብ ነው። ተማሪው ይፈጫል፣ ያፈላል፣ ያሳርራል፣ ከዚያ "ደህና ዋል ጋሼ" ብሎ ወደ ምሳው ይሄዳል። የሻው ደግሞ ጣት ጣት የሚያህሉትን የመስታወት ቱቦዎች በቀጭን ብሩሽ እየፈተገ ይውላል። ያጠበውን ቱቦ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ያየዋል። የጠብታ ምልክት ካገኘበት "ይኸ ተለቃለቀ እንጂ መች ታጠበ" ይልና እንደገና ይነክረዋል። ሚስቱ አምሳል ይህን ስትሰማ ሳቋን መያዝ አትችልም። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ቱቦ ያጠበ እጅ እኔ ቤት ሲደርስ አንድ ብርጭቆ ለማንሣት ምነው ዛለ?" ትለዋለች። እሱም ወደ ደጅ ይወጣል።

ነገር የተበላሸው ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ኮሌጁንም አልማረውም፤ የኬሚካል መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ተኛበት። ሲወጣ ከየጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ ልጦ ይዞ ሄደ። ጠርሙሱ አለ፣ ስሙ የለም። ጨው ይሁን መርዝ ማን ይለየው? "የሻው ቀመስ ቀመስ አድርጎ ይንገረን" ብለው የቀለዱ አልጠፉም። በመጨረሻ ሁሉም እንደ ደንቡ ተወገደ፣ አዲስ ይገዛል ተባለ፣ ይገዛል እንደተባለ ቀረ። ከላይኛው መደርደሪያ የነበሩት ቱቦዎች ብቻ ተረፉ። የሻውም ማንም ያልነካቸውን ቱቦዎች በየሳምንቱ እያወረደ ያጥባቸው ጀመር። ምን ያድርግ፣ ሰው እኮ ነው።

በዚህ መሀል መምህርት ሠርካለም መጣች። ሠርካለም እዚያው ኮሌጅ የተማረች ናት፤ በተማሪነቷ የሻው "አንቺ ልጅ፣ ቱቦ እንደ ማንኪያ አይያዝም" እያለ ይቆጣት ነበር። አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ባዮኬሚስትሪ ልታስተምር ተመልሳለች። ከበጎ አድራጊዎች ለምና አሥራ ስድስት ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሮቹም ጋር በስክሪን ላይ ሙሉ ላብራቶሪ የሚዘረጋ ፕሮግራም አምጥታለች። ቱቦው፣ እሳቱ፣ መመዘኛው፣ መታጠቢያው ሳይቀር ሁሉም ሥዕል ነው፤ ተማሪው በጣቱ እያዘዘ ይቀምማል፣ ኮምፒውተሩ አስልቶ ውጤቱን ያሳያል።

ይህንን ለሠራተኛው ልታስረዳ ስብሰባ ተጠራ። "በእጅ የሚሠራው እርጥብ ላብ ይባላል፣ በኮምፒውተር የሚሠራው ደግሞ ደረቅ ላብ" አለች።

የሻው ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። "መምህርት፣ ደረቅ ላብ እንዴት ያለ በሽታ ነው? እኔ የማውቀው ቀዝቃዛውን ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ወደቀ። የኮሌጁ ዲን አቶ ደረሰ ግን አልሳቁም። ተነሥተው "ውሃ የማይፈልግ፣ ኬሚካል የማይፈልግ፣ የሚሰበር ዕቃ የሌለው..." ብለው ሲቆጥሩ ዐይናቸው የሻው ላይ ዐረፈና ቆጠራውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ። የቀረችዋን ቃል የሻው ራሱ ጨረሳት፤ አጣቢ የማይፈልግ ማለታቸው ነው።

ከስብሰባው በኋላ ቢሯቸው አስጠሩት። "አቶ የሻው፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከባሕር ዳር ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ደረቁ ላብ ብቻውን ይበቃል ካሉ እርስዎን ወደ ከብት እርባታው እናዛውርዎታለን። ደመወዝዎ አይነካም፤ አይጨነቁ።"

አይጨነቁ ማለት ቀላል ነው። የሻው በዚህ ዓለም ላይ ከብትን የሚያህል የሚፈራው ነገር የለም። ፎገራ ተወልዶ፣ በላሞቹ ስሙ በተጠራ አገር አድጎ፣ ላም ባየ ቁጥር መንገድ የሚቀይር ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አንዲት ጊደር በቀንዷ አንሥታ አጥር ላይ ሰቅላው፣ አባቱ እስኪያወርዱት ድረስ መንደሩ ሁሉ ቆሞ ስቆበታል። ከዚያ ወዲህ የላም ዐይን ሲያይ ያ አጥር ትዝ ይለዋል። እና አሁን በሃምሳ አንድ ዓመቱ ሰማንያ ላም ካለበት በረት ሊገባ ነው። ሰው በላቡ ያድራል ይባላል፤ እሱ ከላቡ ሊባረር ነው።

ግን ከላሟም በላይ የከበደው ሌላ ነገር ነበር። ላቡ ከሌለ የሻው ማን ነው? የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ቱቦ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለአምሳል የነገራት የላሟን ብቻ ነው፤ እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ለሠርካለም ግን ሽንጡን ገትሮ ተከራከራት። "ይኸ ያንቺ ላብ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው" አላት። በተረት እንኳ ላም ስለነካ ትንሽ ደነገጠ።

"ጋሽ የሻው፣ ይህችኛዋ ላም ትታለባለች፤ ቆይተው ያያሉ" አለችው። "ደግሞ በግምገማው ዕለት ስለ እርስዎ የምናገረው እኔ ነኝ። ዝም ብዬ አላይም።"

እንዲህ ብትለውም የሻው ተስፋውን ሁሉ በሰው ምላስ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አይደለም። አስፈላጊነቱን በተግባር ሊያሳይ ቆርጦ ተነሣ። በማግሥቱ ከኮምፒውተሩ ክፍል በር ላይ ቆሞ ሠላሳ ሁለቱንም ተማሪዎች ነጭ ጋውን ሳይለብሱ አላስገባም አለ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር እኮ አይረጭም" አለው አንዱ።

"አንተ ምን ታውቃለህ? ልበስ ብያለሁ፣ ልበስ።"

ለበሱ። ከዚያ እጅ አስታጠባቸው። ከዚያ "ላብ ውስጥ አይበላም፣ አይሮጥም፣ ሽቶ አይሸተትም" የሚለውን የቆየ ማስጠንቀቂያ ስክሪኖቹ መሀል ለጠፈ። ሠርካለም አይታ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልከለከለችውም።

አንድ ቀን ብርክቲ የምትባል ተማሪ በስክሪኑ ላይ ጠርሙስ አነሣለሁ ስትል አመለጣትና ከሽ ብሎ ተሰበረ። ፕሮግራሙ ድምፁን እንኳ አላስቀረም። ብርክቲ ይፋግ አጠገብ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። እናቷ በሳምንት ሃያ እንስራ አውጥተው አንድ የማይሰበርባቸው ሴት ናቸው፤ እሷ በአንድ ጠዋት ሦስተኛ ጠርሙሷ ነው። የሻው ድምፁን ሲሰማ ከበሩ ላይ ዘሎ መጣና የተሰባበረ ዕቃ የሚመዘገብበትን ደብተር ፊቷ ዘረጋው።

"ፈርሚ።"

"ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ነው።"

"ሥዕልስ ቢሆን? ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ሥዕል ብትሰብሪ 'ሥዕል ነው' ብለው ዝም ይሉሻል?"

ብርክቲ ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች። ከዚያ ወዲያ ግን ወደደችው መሰል፣ በምሳ ሰዓት እያስቀመጠች ማውሱን መያዝ አስተማረችው። መጀመሪያ ላይ ማውሱን ከጠረጴዛው አንሥቶ እንደ ስልክ ወደ ጆሮው አስጠግቶት ነበር፤ ይህን ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል።

ሠርካለም ስታስተምር ከበሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። አንድ ቀን ስለ ኢንዛይም አስተማረች። "ኢንዛይም ማለት በሰውነታችን ውስጥ ያለ ሽማግሌ ነው" አለች። "ሽማግሌ ሲላክ ዓመት ይፈጅ የነበረው ጋብቻ በሁለት እሑድ ያልቃል። ሽማግሌው ግን ራሱ አያገባም፤ አገናኝቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ እንደነበረ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገ ደግሞ ሌላ ቤት ይላካል።"

"አሚሌዝ የሚባለውስ?" አለች ብርክቲ። "እሱ የሩዙን ስታርች ይበታትናል እንጂ መች ያገናኛል?"

"እሱ አፋቺው ሽማግሌ ነው" አለች ሠርካለም።

የሻው በሩ ላይ ቆሞ ከት ብሎ ሳቀ። አፋቺ ሽማግሌ እሱም አንድ ያውቃል፤ የአምሳል አጎት ናቸው።

የግምገማው ቀን ማክሰኞ ሆነ። ሠርካለም ለዚያ ቀን ያዘጋጀችው ትልቁን ሙከራ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በስክሪኑ ላይ ስድስት ስድስት ቱቦ ደርድሮ፣ የሩዝ ውሃና አሚሌዝ ጨምሮ፣ ሁለቱን በብርድ፣ ሁለቱን በሙቅ፣ ሁለቱን በፈላ ያስቀምጣል። በመጨረሻም ስታርች ሲያገኝ የሚጠቁረው አዮዲን ይንጠባጠብበታል። ኮምፒውተሩ ሽማግሌው በየሙቀቱ እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚጣመም ሦስት ቀን ሙሉ ያሰላል። ዓርብ ተጀመረ። ሠርካለም ስትወጣ የሻውን "ጋሽ የሻው፣ አደራ፣ ማንም እንዳይነካቸው" ብላ በሩን አስረከበችው።

ቅዳሜን ጠበቀ። እሑድን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠበቀ። ሰኞ ከምሳ በኋላ ግን ስሌቱ አልቆ ስክሪኖቹ ላይ ቱቦዎቹ ተደርድረው ታዩት። ገሚሱ ጥቁር፣ ገሚሱ ቡናማ፣ ገሚሱ ግርጌው ላይ ዝቃጭ የያዘ፣ ወጥ የተበላበት ሳህን ይመስላል። ነገ እንግዳ ይመጣል። እንግዳ በቆሸሸ ዕቃ ይቀበሉታል እንዴ? ደግሞ ዲኑ "አጣቢው ምን ሠራ?" ቢሉስ?

ማንም እንዳይነካ ተብሏል። የሻው አሰበበት። መንካት ሌላ፣ ማጠብ ሌላ ነው። መንካት የሌባ ነው፤ ማጠብ ሥራ ነው። በስክሪኑ ጥግ ያቺን የመታጠቢያ ሥዕል ብርክቲ አንድ ቀን አሳይታው ነበር። ማውሱን ያዘ። አንዲት ቱቦ ጎትቶ መታጠቢያው ላይ ለቀቃት። ውሃው ጷ ብሎ ወረደ፣ ቱቦዋ ተንቦገቦገች፣ "ንጹሕ" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያጥብ አንድ ሰው "ንጹሕ ነው" ብሎት አያውቅም። ኮምፒውተሩ አለው።

ከዚያ ማን ይመልሰው። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እየተሸጋገረ የሠላሳ ሁለት ተማሪ፣ መቶ ዘጠና ሁለት ቱቦ፣ አንድም ሳይቀር አጠበ። እጁ ጠብታ ውሃ ሳይነካው ወገቡ ተቆረጠ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፎ ወጣ፤ ሠርካለም ስታየው ምን እንደምትለው እያሰበ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተተኮሰ ጋውኑን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ሠርካለም ተማሪዎቿን አስከትላ ገባች፣ የመጀመሪያውን ስክሪን ከፈተች፣ ቀጥላ ሁለተኛውን፣ ቀጥላ ሦስተኛውን።

"ምንድን ነው ይኸ? ቱቦዎቹ ባዶ ናቸው" አለች።

"አጠብኳቸው" አለ የሻው ደረቱን ነፍቶ። "መቶ ዘጠና ሁለቱንም። አንድ እንከን አታገኚም።"

ሠርካለም አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀስ ብላ "ጋሽ የሻው፣ ውጤቱ እኮ ያ ቆሻሻው ነበር" አለችው።

የሻው ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። የሦስት ቀን ስሌት፣ የሠላሳ ሁለት ልጆች ሥራ፣ የዚህች ልጅ ስም። እንግዶቹ በአራት ሰዓት ይደርሳሉ። ስለ እሱ ልትናገርለት የነበረችው ሴት እሷ ናት፤ አሁን ምን ብላ ትናገር? አፈረ። እንደ ዛሬ አፍሮ አያውቅም፤ አጥር ላይ የተሰቀለ ዕለት እንኳ እንዲህ አላፈረም።

"መብራት ሄዶ ጠፋ እንበል" አለች ብርክቲ። "በመብራት የተላከከ ነገር ማን ያጣራል?"

ተማሪው ሁሉ ደገፋት። የሻውም ለአፍታ ልቡ ወደዚያ አዘነበለ፤ ሰው ነውና። ከዚያ የሠርካለምን ፊት አየ።

"አይሆንም" አለ። "የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ።" ቀጥሎም "መምህርት" አላት፣ "ይኸ አሚሌዝ ያላችሁት፣ ድሮ የምራቁ ትምህርት የምንለው አይደለም ወይ?"

ሠርካለም ቀና አለች።

"ከጎርፉ በፊት በየዓመቱ ተማሪ ቱቦ ውስጥ እየተፋ ይሠራው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ያንን የተተፋበት ቱቦ ያጠብኩ እኔ ነኝ፤ እንዴት ይረሳኛል? አፋቺው ሽማግሌ ምራቅ ውስጥ ነው ያለው። ኬሚካሉን ጎርፍ ወሰደው፤ ምራቅ ግን አልወሰደብንም።"

"አዮዲን የለንም" አለች ሠርካለም። ግን ተነሥታ ቆማ ነበር።

"ክሊኒኩ ቁስል ላይ የሚቀቡት አዮዲን አለ። ሩዝ ደግሞ ወጥ ቤቱ አሁን እየቀቀለ ነው፤ ውሃውን ከመድፋታቸው በፊት ልድረስ።"

"የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" አለች ሠርካለም፣ "ይሂዱ፣ ይሩጡ።"

ባለ ላቡ በወረታ ኮሌጅ ታሪክ ሲሮጥ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። በአንድ እጁ የሩዝ ውሃ በባልዲ፣ በሌላው አዮዲን በብልቃጥ ይዞ ሲመለስ ጋውኑ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ቱቦዎቹን ከመጋዘኑ ላይኛው መደርደሪያ አወረደ። "እንደ ማንኪያ አይያዝም፤ በሦስት ጣት፣ ከአንገቱ በታች። ምራቅ እንጂ አክታ እንዳታመጡ። የአንዱን ምራቅ አንዱ አይነካም" እያለ በየመሀላቸው ይዞር ጀመር። ሠላሳ አንድ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲተፋ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አያውቀውም፤ ባያይም ምንም አልቀረበትም።

ሠላሳ ሁለተኛው ደስታው ዘግይቶ ደረሰ። ደስታው ዲያቆን ነው። የዕለቱ ሚካኤል ስለነበር ቀድሶ፣ ቆርቦ፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ነው የመጣው። የቆረበ ሰው ደግሞ ምራቁን አይተፋም። "ኧረ እኔን እንዳትነኩኝ" የሚል ይመስል ዐይኑን ብቻ አወጣ።

"አንተ ዝም ብለህ የሩዝ ውሃህን ይዘህ ቁም" አለው የሻው፣ ሌላ የሚሰጠው ሥራ ስላልነበረ።

ከተረፉት ቱቦዎች የአንዱን ምራቅ አስቀድሞ አስቀቀለ፣ አንዱን ደግሞ ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተተው። አንድ ችግር ቀረ። የቀሩት ቱቦዎች በሰውነት ሙቀት መቀመጥ አለባቸው፤ የማሞቂያው ዕቃ ከጎርፉ ወዲህ አይሠራም። የሻው ግን መላ አላጣም። "አፉን በጥጥ ድፈኑና ብብታችሁ ውስጥ ክተቱት" አለ። "ከዚያ የተሻለ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ የትም አታገኙም።"

ዲኑ አቶ ደረሰ ሁለቱን ገምጋሚዎች ይዘው በአራት ሰዓት ሲገቡ ያዩት ይህን ነው። ኮምፒውተሮቹ ጠፍተዋል፤ ተማሪዎቹ ግራ ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ክንፉ እንደተመታ ዶሮ፣ ተሰልፈው ቆመዋል። ከእንግዶቹ ጋር የኔታ ኃይለ ሚካኤልም ነበሩ። የኔታ የአካባቢው ቅኔ አስተማሪ ሲሆኑ ኅብረተሰቡን ወክለው በኮሌጁ ጉባኤ የሚቀመጡ አዛውንት ናቸው።

"ልጆቹ ምን ሆነዋል?" አሉ ዲኑ።

"እያሞቁ ነው" አለ የሻው።

"ኮምፒውተሮቹስ?"

የሻው ምራቁን ዋጠ። "አጥቤያቸዋለሁ።"

አንዱ ገምጋሚ ከደብተራቸው ቀና አሉ። "ኮምፒውተር አጠቡ?"

"ኮምፒውተሩንማ አይደለም፤ ውስጡን ነው" አለ፤ ከዚያም አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ መምህርቷ እንዳይነካ አደራ እንዳለችው፣ እሱ ግን እንዳጠበ። የዲኑ ፊት ቲማቲም መሰለ። "አቶ የሻው፣ ከነገ ጀምሮ እርስዎ..." ብለው ሲጀምሩ የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

"ቆይ እስቲ ልጄ። ብብታቸው ውስጥ ያለውን ሳናይ ፍርድ የለም።"

ሠርካለም ሙከራውን አስረዳች። ሁለተኛዋ ገምጋሚ ሴትዮ ግን ነገር አዋቂ ነበሩና "ሁሉም ምራቅ ከጨመረ ከምን ጋር ልታነጻጽሩት ነው? ምራቅ ያልገባበት ቱቦ የታል?" ብለው ጠየቁ።

ሠርካለም የሻውን አየችው። የሻው ሠርካለምን አያት። በጥድፊያው ይህን አንዳቸውም አላሰቡትም። በዚህ ጊዜ ከሰልፉ ጫፍ፣ ነጠላ ከሸፈነው አፍ፣ "እህም" የሚል ድምፅ መጣ። ደስታው ቱቦውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ቆሟል።

"ምራቅ ያልገባበት ያውና" አለ የሻው። "ቆርቦ ነው።"

ገምጋሚዋ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ የሻው ድፍረቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ አንድ ንጹሕ ቱቦ ይዞ ወደ የኔታ ቀረበና እጅ ነሣ። "የኔታ፣ አይቆጡኝና፣ ከምራቅዎ ትንሽ ይስጡን።"

ዲኑ ዐይናቸውን ጨፈኑ። የኔታ ግን አልተቆጡም። "ከእኔ ምራቅ የሚጠየቀው ሲመርቁ ነው" አሉና ጎንበስ ብለው ቱቦዋ ውስጥ "እንትፍ፣ እንትፍ፣ ያለምልማችሁ፣ ዕውቀቱን ይግለጽላችሁ" ብለው መረቁ። የሻው የሩዝ ውሃ ጨመረበት፣ እሳቸውም ቱቦዋን ተቀብለው በጋቢያቸው ሥር ከብብታቸው ከተቷት። ሁሉም አንድ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ክንዳቸውን አጣብቀው ቆሙ፤ ገምጋሚዎቹም እየተያዩ ጠበቁ።

አዮዲኑ ሲንጠባጠብ የደስታው ቱቦ እንደ ቀለም ጠቆረ፤ ስታርቹ እንዳለ አለ። ምራቁ አስቀድሞ የተቀቀለበት ቱቦም ጠቆረ፤ ሽማግሌው በሙቀት ተጣሞ ሽምግልናው ቀርቶበታል። ከእንስራ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ጠይም ሆነ። የብርክቲ የአዮዲኑን ቢጫ ብቻ ይዛ ቀረች። የየኔታ ከሁሉም ይልቅ ጠርታ ወጣች፤ ምርቃቱ ነው ወይስ ምራቁ የሚለውን እስከ ዛሬ ተማሪዎቹ ይከራከሩበታል።

"ኮምፒውተሩም ይህንኑ ነበር የሚያሳየው?" አሉ ገምጋሚዋ።

"ይህንኑ" አለች ሠርካለም። "ሽማግሌው ሲጠማዘዝ ውስጡን ያሳያል፤ ያንን ዐይን አያየውም። በገዛ እጅ መሥራትን ግን ኮምፒውተሩ አያስተምርም። አቶ የሻው ከሌሉ ይህ አይሠራም።" የተናገረችለት ይህችን ብቻ ነው። የሻው ግን አንገቱን ደፋ፤ ዐይኑ እርጥብ እንደሆነ እንዳይታይበት።

"እንግዲያስ የቱ ይበቃል ትላላችሁ?" አሉ ዲኑ፣ አሁንም ተስፋ ሳይቆርጡ። "ደረቁ ነው እርጥቡ?"

የኔታ ቱቦዋን ወደ መስኮቱ አንሥተው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ብዙ ቆዩባት።

"ያለ ምራቅ ምርቃት የለም" አሉ።

ቅኔ አስተማሪ ናቸውና ነገራቸው ሁለት ፊት አለው። ሽማግሌ ሳይተፋ አይመርቅም፤ ተማሪም ሳይተፋ አይመረቅም። ዲኑ ዘግይተው ገባቸው። ገምጋሚዋ ቃሏን እንዳለች ደብተራቸው ላይ ጻፏት፤ በኋላ የመጣው ሪፖርት ላይ የመጀመሪያው መስመር እሷ ነበረች።

"በቃ" አሉ ዲኑ ተሸንፈው። "ሰኞ ደረቁ፣ ሐሙስ እርጥቡ። አቶ የሻው ከላቡ አይወጡም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተር አይነኩም።"

"አቧራ ልጠርግስ?"

"አቧራም አይነኩም።"

የሻው ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ ተቀብሎ አያውቅም። እንግዶቹ ለምሳ ሲወጡ መታጠቢያው ጋ ሄዶ ቆመ። ሠላሳ ምናምን ምራቅ የገባበት ቱቦ ተከምሮ ይጠብቀዋል፤ ጥቁሩ፣ ጠይሙ፣ ቢጫው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የእውነት የቆሸሸ ቱቦ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ብሩሹን አነሣ፣ ውሃውን ከፈተ።

"መምህር፣ ይህችን የት ላስቀምጣት?" የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ። ብርክቲ ናት፤ ቱቦዋን በሦስት ጣቷ፣ ከአንገቱ በታች ይዛለች።

የሻው የትኛው መምህር መጣ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ማንም የለም፤ ልጅቱ የምታየው እሱን ነው።